ጅብን «ቤተሰብ ነው» ያለችው ቀበሮ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ የክረምት ጭጋግ ጋርዶት በላሞች በረት አጥር ቀዳዳ ሾልኮ ገባና አንዲት ጥጃ በላ። ከበረቱ ቀጥሎ የበጎች ጋጣ፣ ከዚያ ወዲያ የአህዮች ጋጣ አለ። ሆዱ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራምና የበጎቹ በር ላይ ቆሞ «ክፈቱልኝ፣ ልበላችሁ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማን ይከፍትለታል?

የመንደሩ በር ጠባቂ እሜት ቀበሮ ነበረች። ጥጆች ወደ እናቶቻቸው ሲሄዱ ትከፍታለች፣ ሲመለሱ ትዘጋለች፤ ያለ እሷ መንደሩ አይሆንለትም ነበር። ጅቡ ቅልጥም ቢያቀምሳት ግን ልኳን አልፋ መንገድ ትመራው ጀመር።

እንስሳቱ ተሰብስበው ጅቡን ቀጥቅጠው ከመንደሩ አስወጡት። ሲጨፍሩ እሜት አህዪት መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

«ጋሽ ኮርማ፣ እባክዎ ይህን ዱካ ይዩልኝ። ከጅቡ ዱካ ፊት ፊት የቀበሮ ዱካ አለ። ወደ በጎቹ በር እየመራችው ነው!»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ኮርማው። «ጅቡን አባረነዋል። አሁን እሜት ቀበሮን ልናማት ነው? የቤት ልጅ እኮ ናት!»

አህዪት በንዴት ጆሮዋ ቆመ። የሚሰማት ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቀበሮ የበጎቹ በር ላይ ቆማ «ቤቶች!» አለች።

«ደጆች! ማነው?»

«ቤተሰብ ነው!»

የሚያውቁት ድምፅ ነውና ከፈቱ። ጅቡ ከኋላዋ ገብቶ የበጊቱን ግልገል ዋጠው። ቤተሰብ ነው! ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው?

አህዪት ጩኸቱን ስትሰማ ደሟ ፈላ። አንድ ውርንጭላ ነው ያላት፤ ሮጣ በራሷ በር ጀርባ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ጨዋ ሆኖ ያደገው ውርንጭላ «ደጆች!» ብሎ መቀርቀሪያውን ሊስብ ተንጠራራ።

«ቤተሰብ ነው፣ ክፈት የኔ ልጅ» አለች ቀበሮ።

አህዪት ልጇን ገፍትራ በሩን ገርበብ አደረገችና፣ ዞራ በሁለት የኋላ እግሯ የቀበሮን መንጋጋ አወለቀችው። በሩንም መልሳ ቀረቀረች። መሪ ያጣው ጅብ ግራ ገብቶት «ክፈቱልኝ፣ ልበላችሁ ነው!» እያለ ሲያንባርቅ ኮርማዎቹ ደርሰው በቀንድ አጣድፈው ገደል ከተቱት።

«አበጀሽ፣ እሜት አህዪት!» አለ ኮርማው።

አህዪት እርስዎ ማለቱን ተወችው። «አበጀሽ አትበለኝ! ትናንት ዱካውን አይተህ ቢሆን ኖሮ የበጊቱ ግልገል ዛሬ እናቱን ይጠባ ነበር!»



ከዚህ የምንማረው ኃይለኛው የጡት ካንሰር ከተነሣበት ወጥቶ ሌላውን አካል የሚወርረው ከገዛ ሰውነታችን እንደ ቀበሮዋ ልኩን አልፎ በር የሚከፍትለት ፕሮቲን ሲያገኝ ነውና፣ ዕጢውን አውጥተን ጅቡን አባረርን ብለን ሳንጨፍር በር ከፋቹንም ፈልገን መያዝ እንዳለብን ነው።