የምንተስኖት መኪና አገጭ

በእኛ ሰፈር ስለ ጉልበትና ስለ አገጭ የሚባል አንድ ነገር አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ስለ ወጌሻ የሚወራ ይመስለዋል። መነሻው ግን አንዲት ኮሮላና አንድ ሰርግ ናቸው።

ምንተስኖት መኪናዋን በገዛ በወሩ ወደ ቶሎሳ ጋራዥ ወስዶ አራቱንም ሞላዎቿን አስቆረጠና መሬት ለመሬት የምትሄድ አደረጋት። ቶሎሳ መጋዙን ከማንሳቱ በፊት መክሮት ነበር። ሞላ የመኪና ጉልበት ነው፣ ጉልበቷ ካጠረ አገጯ መሬት ይነካል ብሎታል። ምንተስኖት ግን ዝቅ ያለ መኪና ግርማ አለው ባይ ነው። ጋራዥ ደግሞ የሽማግሌ ሸንጎ አይደለምና ቶሎሳ ቆረጠለት።

ከዚያ ወዲያ የፊት ፓራውርቷ፣ ማለትም ቶሎሳ አገጭ የሚለው ፕላስቲክ፣ ሰላም አጣ። ከምንተስኖት ቤት እስከ አስፋልቱ ባለው ኮብልስቶን ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ። በዚህ ማንንም መውቀስ አይችልም። መኪና ሳይኖረው በፊት፣ ባለመኪኖች ልጆቻችንን ሊጨርሱ ነው ብሎ በእድሩ ስብሰባ የተከራከረው፣ ሲሠሩም «ትንሽ ከፍ ይበል» እያለ ያስጨመረው እሱ ራሱ ነው።

ፓራውርቱ በተሰነጠቀ ቁጥር ቶሎሳ ፈቶ ያወርደዋል፤ ስንጥቁን በጋለ ብረት አቅልጦ ያያይዘዋል፤ ከኋላው በቀጭን ሽቦ ይሰፋዋል፤ ስቱኮ ቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሰው በኋላ ቀለም ይረጨዋል። ሲያልቅ አዲስ ይመስላል። ምንተስኖትም ረክቶ ይወጣና ጉብታው ላይ መልሶ ይሰነጥቀዋል።

የእህቱ የሳምራዊት ሰርግ ሲቃረብ ነገሩ ከበደ። ከአባታቸው ቤት የምትወጣው በእሱ መኪና እንደሆነ ቃል ገብቶላታል። አጎታቸው ፒካፑን ላውሳችሁ ሲል እንኳ ተቀይሞ እምቢ ብሏል። በዋዜማው ፓራውርቱን እንደገና ሊያስጠግን ሲሄድ፣ ቶሎሳ ከሌላ ኮሮላ የተፈታ ያልተቆረጠ ሞላ እንዳለው፣ እስከ ማታ ገጥሞ እንደሚያስረክበው ነገረው።

«እህቴን ከፍ ባለ መኪና እንደ እህል ጭኜ ልዳራት?» አለ ምንተስኖት። «አገጩን ብቻ አሳምርልኝ።»

«አሳምረዋለሁ። ነገ ግን ብቻህን አይደለህም» አለው ቶሎሳ።

ምንተስኖት ይህን ምርቃት መሰለው።

በእኛ ሰፈር ሙሽራ ስትወጣ ጎረቤቱ መኪናዋን እየተከተለ፣ እየዘፈነና እያጨበጨበ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ይሸኛል። እኔም ከሸኚዎቹ ነበርኩ። ሙሽራው ደልደል ያለ ሰው ነው፤ ሚዜውም ከእሱ አያንስም። ሁለቱ ከሳምራዊት ጋር ሲገቡ፣ ፓራውርቷ ላይ አበባ የታሰረላት መኪና ልትንበረከክ የጀመረች ግመል መሰለች። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ከሥር አንድ ነገር ሲፋቅ ተሰማና ዘፈኑ ቆመ። ምንተስኖት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየ፤ ከዚያም ለአንድ አፍታ ውረዱልኝ ብሎ ለመነ። ወረዱ፤ ባዶዋን በሰያፍ አሻገራት፤ ተሳፈሩ። ሁለተኛው ጉብታ ላይም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ። ሚዜው የቬሎውን ጫፍ ተሸክሞ ሲወርድ ሲወጣ ላብ አጠመቀው። እኛም መቆም ሰልችቶን ቀደምናቸው። የሙሽራዋ አክስት እትዬ አስካለ እንኳ በምርኩዝ እያዘገሙ መኪናዋን ሲያልፉ፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ አዳራሹ የትም አይሄድም» አሏቸው።

የመጨረሻው ጉብታ አስፋልቱ አፍ ላይ ነው። ሁላችንም እዚያ ቆመን ስንጠብቅ ደረሱ።

ምንተስኖት ወደ ኋላ ለመዞር አፍሮ፣ «ሳሚዬ፣ ይቺ የመጨረሻ ናት» አላት።

«አልወርድም» አለች ሳምራዊት። «የሰርጌን መንገድ በእግሬ ጨረስኩት። ወይ እኔን ምረጥ፣ ወይ የመኪናህን አገጭ።»

ምንተስኖት መሪውን ጨብጦ ነዳጅ ሰጠ። ፓራውርቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኾ ተገነጠለ፤ ከነአበባውም መንገድ ላይ ቀረ። መኪናዋ ግን ተሻገረች። እልልታው ቀለጠ። ሳምራዊት ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ የወንድሟን አንገት ሳመች። ሁለት ጎረምሶችም ፓራውርቱን እንደ ጥሎሽ ከፍ አድርገው ይዘው ጨፈሩበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አባባሉ ባልተወለደ ነበር። ምንተስኖት ግን በመስኮቱ ብቅ ብሎ ከሸኚዎቹ መካከል ቶሎሳን ፈለገው።

«ቶሌ፣ ሰኞ ይደርስልኛል?»

«ሞላው?» አለ ቶሎሳ ተስፋ አድርጎ።

«የምን ሞላ? ፓራውርቱ ነዋ።»

ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጀመሪያ በጎረምሶቹ እጅ ያለውን ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰውን መኪና አዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አይ የወንድሜ ልጅ፤ ጉልበቱን አስቆርጦ አገጩን ያስጠግናል» አሉ።