ማንደፍሮና የፊታውራሪው ሻይ

እንደ ነገሩን እንነግራለን። በቦርከና ወንዝ ዳር ማንደፍሮ የሚባል አንደበቱ የተሳለ ጢሰኛ ነበረ። የአገሩ ባለርስት ፊታውራሪ አጥናፌ ደግሞ አዲስ አበባ ከርመው ሲመለሱ ሻይ የሚባል ነገር ይዘው መጡ። «ደም ያጠራል፣ ሞራ ያቀልጣል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ንዳድ ያበርዳል» እያሉ ላገኙት ሁሉ ይሰብካሉ። ጠጅ ያሳብጣል፣ ሥጋ ያሳምማል ብለውም የኅዳር ሚካኤልን ግብር አስቀሩ። ጢሰኛው በዓመት አንዴ ጮማ የሚያይበትን አዳራሽ ሞልቶ ቢቀመጥ፣ ለያንዳንዱ አንዳንድ ብርጭቆ ሻይ ታደለው።

«ጠጡ» አሉ ፊታውራሪ። «ሆድ የገባውን እህል እንደ ወፍጮ ይፈጫል።»

ሰው ብርጭቆውን ጨለጠና በር በሩን ያይ ጀመር። ፊታውራሪ ወደ ማንደፍሮ ዞረው፣ «እህስ፣ እንዴት አገኘኸው?» ቢሉት፣

«ወፍጮውስ ገብቷል፣ ጌታዬ። እህሉ መቼ ይላካል?» አለ።

*

ሻዩ ከሩቅ የመጣ ነውና ቅጠሉ አይጣልም። መጀመሪያ ለፊታውራሪ ይፈላል፤ ያው ቅጠል ፀሐይ ላይ ደርቆ ለእንግዳ፣ ከእንግዳ ለአሽከር፣ ከአሽከር ለጢሰኛ ይወርዳል። አንድ ቀን ማንደፍሮ የፊታውራሪን አጥር ሲያጥር ቢውል ከዚሁ ቀዱለት። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ቢያየው ማዶ ያለው ተራራ ጥርት ብሎ ታየው። አጋፋሪው፣ «ምን ታፈጣለህ፣ አትጠጣም?» አለው።

«ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው። ይህ ቅጠል ከኔ የበለጠ ገብሯል።»

*

በዚያ አገር ልማድ ነበረ። የፊታውራሪን በቅሎ ጢሰኛው በየተራ ከጓሮው ሣር እያጨደ ይቀልባታል፤ በፈንታው ሰው በጠና ሲታመም በቅሎዋ ወንዙን አሻግራ ደሴ፣ ሐኪም ቤት ታደርሰዋለች። በአካባቢው ሌላ በቅሎ የለም። ነሐሴ ላይ፣ ቦርከና ሞልቶ ሰው በእግሩ በማይሻገርበት ጊዜ፣ የማንደፍሮን አንዲት ልጅ ደብሪቱን ንዳድ ጣላት። ማንደፍሮ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። በቅሎዋን ይስጡኝ።»

«ደሴ ምን ያደርግልሃል?» አሉ ፊታውራሪ። «ሐኪሙም የሚሰጥህ ቅጠል ቀምሞ ነው። ይኸውልህ ቅጠል።» ጥቂት ሻይ በጨርቅ አስቋጥረው ሰጡት። «በቅሎዋን እንደሆነ ብርድ መትቷት ያስላታል። እንድታርፍ አዝዣለሁ።»

«እንግዲያስ ሻዩን ለሷ ያጠጧትና በቅሎዋን ለኔ ይስጡኝ።»

አሽከሮቹ ሳቁ። ፊታውራሪ አልሳቁም፤ በቅሎዋም ከጋጣዋ አልወጣችም።

ማንደፍሮ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አልጋነሽ የልጅቱን ራስ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ምን ሰጡህ?»

«ቅጠል።»

«ለበቅሎዋ?»

«ለልጅቱ።»

አፍልተው አጠጧት። ንዳዱ አልበረደም።

*

ማንደፍሮ በማግሥቱ ጧት ከዋርካው ሥር ለዳኛው ለቀኛዝማች እርገጤ አቤት አለ። ቀኛዝማች ከፊታውራሪ ቤት ሻይ ጠጥተው ነው የመጡት። ማንደፍሮ ቆሞ ልማዱን ተናገረ፤ በቅሎዋን የቀለበበትን ተራ፣ የልጁን መታመም፣ የወንዙን መሙላት አስረዳ። ዳኛው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ያንኮራፋሉ። ፊታውራሪ ገና «እህ» ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ቀኛዝማች ቀና አሉ፤ ዓይናቸውም ፍጥጥ አለ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «በቅሎ የባለቤቷ ናት» ብለው ፈረዱ። ወደ ማንደፍሮም ዞረው፣ «የቀረህ ቃል አለ?» አሉት።

«ሻይ እንቅልፍ ማባረሩን ዛሬ አመንሁ፣ ጌታዬ። የሚያባርረው ግን ያጠጣው ሰው ሲናገር ብቻ ነው።»

ችሎት ደፍረሃል ተብሎ እስከ ማታ በፀሐይ ቆመ። የማንደፍሮን ነገር የሚያወሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይስቃሉ። እሱ አልሳቀም፤ ቆሞ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ያይ ነበር።

*

ደብሪቱ በዚያው ሌሊት አረፈች።

ከቀብር በኋላ ፊታውራሪ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። በቅሎዋ ኮርቻዋ ተሸልሞ፣ አሽከር ከፊት ከኋላ አጅቦ፣ ድንኳኑ በር ላይ ወረዱ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀ። ማንደፍሮ አልተነሣም። ፊታውራሪ «እግዜር ያጥናህ» ብለው ተቀመጡ። ሻያቸው መታማቱ ከንክኗቸው ኖሮ ግን፣ ሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምናልባት ትኩሱን አላጠጣሃት ይሆን?» አሉ።

ማንደፍሮ ደጅ የታሰረችውን በቅሎ አሻግሮ አያት።

«አጠጥቻታለሁ፣ ጌታዬ። ሻዩስ በጊዜው ደርሷል፤ ዛሬ የደረሰችው በቅሎዋ ናት።»