ኮምፒውተር ክፍሉን የሚከፍት ጠፋ

ኮምፒውተር ክፍሉን ለአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለአርባ ደቂቃ፣ የሚከፍትላት የቸገራት አንዲት መምህርት ነበረች። ስሟ የውብዳር ነው፤ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ከሃያ ቀን በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በኮምፒውተር ሊፈተኑ ነው፤ አንዳቸውም ግን ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ትምህርት ቤቱ ሃያ ኮምፒውተር አጥቶ እንዳይመስላችሁ። ከመጡ ሦስት ዓመታቸው፤ እንዳይበላሹ ተብሎ ላስቲካቸው እንኳ አልተነሣም።

ቁልፉ ያለው መምህር ደጀኔ ጋ ነው። ንብረት ክፍል ሳይፈቅድ እጄን አላስገባም አላት። ደጀኔ አልከፍትም አለ፣ ተማሪዎቹም ኮምፒውተር አልነኩም።

ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ አሰገደች ሄደች። እሳቸው ደግሞ አንዱ ቢሰበር ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ የርዕሰ መምህሩን ፊርማ አምጪ አሏት። ወይዘሮ አሰገደች አልፈቅድም አሉ፣ ደጀኔ አልከፍትም አለ፣ ተማሪዎቹም ኮምፒውተር አልነኩም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ፍስሐ በፈገግታ ተቀበሏት፤ ይበልጥ ያናደዳት ፈገግታቸው ነው። መምህራን ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ ብዕር አላነሣም አሉ። አቶ ፍስሐ አልፈርምም አሉ፣ ወይዘሮ አሰገደች አልፈቅድም አሉ፣ ደጀኔ አልከፍትም አለ፣ ተማሪዎቹም ኮምፒውተር አልነኩም።

የውብዳር እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳ ደሟ ፈልቷል። የመምህራኑ ሰብሳቢ ጋሼ ጌታሁን ዘንድ ገባች፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ከገባ ተማሪ መምህሩን ይንቃል፣ እኛን ጠመኔ ይበቃናል አሏት። ጋሼ ጌታሁን ስብሰባ አልጠራም አሉ፣ አቶ ፍስሐ አልፈርምም አሉ፣ ወይዘሮ አሰገደች አልፈቅድም አሉ፣ ደጀኔ አልከፍትም አለ፣ ተማሪዎቹም ኮምፒውተር አልነኩም። ኧረ ወዲያ፣ ሲናገሩትም ይደክማል።

«ታዲያ ልጆቹ ምን ይሁኑ ጋሼ?» አለች፤ እንባዋ መጣ። «በማያውቁት ዕቃ ፊት ተቀምጠው ሊወድቁ ነው።»

ጋሼ ጌታሁን በእጃቸው የነበረውን ጠመኔ አስቀመጡ።

«እኔስ መቼ አውቀዋለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «ኮምፒውተሮቹ የመጡ ጊዜ በተሰጠን ሥልጠና ላይ ማብሪያውን ስፈልግ ዋልኩ። ተማሪ ፊት ልዋረድ?»

የውብዳር ንዴቷ በረደ። «እኔም ከማብሪያው ብዙ አላልፍም። ተማሪ ሳይመጣ አብረን እንሞክረው።»

ያኔ ጋሼ ጌታሁን ስብሰባ ጠሩ፣ አቶ ፍስሐ ፈረሙ፣ ወይዘሮ አሰገደች ፈቀዱ፣ ደጀኔ ከፈተ፣ ተማሪዎቹም ገብተው ኮምፒውተር ነኩ። ጋሼ ጌታሁን ተማሪ እስኪወጣ አልጠበቁም፤ መሃላቸው ገብተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ያቃታቸው ነገር መጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪን እጅ ሲያስወጡ የኖሩት መምህር፣ እጃቸውን አወጡ።