የሸማኔው አነጋገር

ከሩቅ አገር መጥቶ ገበያ ዳር የሚኖር አንድ ሸማኔ በቅሎ ሰርቀሃል ተብሎ ቀኛዝማች ድልነሳው ችሎት ቀረበ። ሲሰርቅ ያየው ሰው አልነበረም። «ኧረ እኔ በቅሎ እፈራለሁ!» ብሎ ሲምል ግን ቃሉን እንደ ዘፈን እየጎተተ ስለሚናገር፣ አብረው ለፍርድ የተሰየሙት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ይሄ የሌባ አነጋገር ነው» አሉ አንዱ። ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ።

ቀኛዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በቃ፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። አነጋገርህ አጋልጦሃልና አንድ ዓመት ወህኒ ትወርዳለህ! የምትለው አለህ?» አሉት።

ሸማኔው ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ጥፋተኛው አነጋገሬ ከሆነ እሱን ወህኒ ያውርዱት። እኔ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ቀኛዝማችም አፍረው ለቀቁት።