የአህያዋ ጥጃና የአንበሳ ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም በአንድ ገበያ ሲገበያይ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ አምስት ቁና የገብስ ቆሎ ተጭና፣ ቦቃ የሚባል ጥጃዋን አስከትላ ገበያው በር ላይ ደረሰች። ገበያው ደግሞ እንዴት ያለ ገበያ መሰላችሁ። ነብር ከበግ ጎን ተሰልፎ ዋጋ ይጠይቃል፤ ድመት አይጥን «እስቲ ትንሽ ቀንሺልኝ» እያለች ትለማመጣለች። የሚነክስ የለም፣ የሚናከስ የለም። አህያዋ ዐይኗን ማመን አቅቷት አፏን ከፍታ ቀረች።

ይህን ሁሉ ሰላም ያጸናው የአንበሳ ደንብ ነበር። የቀረጡ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከማሳ ወይም ከጫካ እንደተገኘ የሚሸጥ ነገር በነጻ ያልፋል፤ የተቆላ፣ የተፈጨ፣ የደረቀ፣ ብቻ ሙያ የገባበት ከሆነ ግን ከአምስት አንድ እጅ ቀረጥ ይከፈልበታል። በቀረጡም የገበያውን የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩት ከርከሮዎች ይቀለቡበታል። ራሱን ያልቻለ ነፍስ የሚያሳድግ ሲመጣ ግን ቀረጡ ይተውለታል።

ቦቃን አህያዋ አልወለደችውም። እናቱን ላሚቱን ባለፈው ሐምሌ ደራሽ ውሃ ወሰዳት። አህያዋ በዚያው ሰሞን ውርንጭላዋ ሞቶባት ጡቷ ሞልቶ ስትንገበገብ፣ ጥጃው ጭቃ ለብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ ደጇ ላይ መጣ። አጠባችው፤ በዚያው ልጇ ሆነ። አሁን ግን ወተቷ ደርቋል፣ ሜዳውም ሣር የለውም። በአምስቱ ቁና የምትለውጠው ጭድ ቦቃን ሰኔ ላይ ለሚበቅለው ሣር ያደርሰዋል። በአራት ቁና ከሆነ ጭዱ ግንቦት አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቦቃን በሕይወት የሚያቆየው ነገር የለም።

በሩ ላይ ቁና ይዛ የምትቀርጠው ቀበሮ ነበረች፤ ከሰበሰበችው ላይ ለራሷ መዝገን የለመደች ቀበሮ። አህያዋ ቆሎው የተቆላ መሆኑን አልካደችም፤ የማሳድገው አለኝ ብቻ ነው ያለችው። ቀበሮ ጥጃውን ዞረችው፣ ቀንድ እያወጣ ያለ ግንባሩን አየች፣ ሳቀች።

«እመት አህያ፣ የአንቺ ጆሮ ይኸው እዚህ ድረስ ነው። የእሱ ደግሞ ቀንድ እያጎነቆለ ነው። ልጄ ነው ብትዪ ማን ይሰማሻል? ይልቅ ቶሎ ስፈሪ፣ ሰልፉን አታስቁሚ።»

አህያ መልስ መስጠት ልማዷ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን አራት እግሯን ተክላ፣ ጌታችን ዘንድ ሳልቀርብ አንድ ፍሬ አልሰፍርም አለች።

አንበሳ ከግራሩ ሥር፣ ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጎፈሩ ንፋስ ሲነካው የፀሐይ መውጫ ይመስላል። አህያዋ ቦቃን ወደፊት አቅርባ የማሳድገው ይህ ነው አለች። በመንገድ ስታጠናው የመጣችው ሌላው ነገር ሁሉ ከራሷ ውስጥ በረረ።

«ክረምቱን የት አደረ?» አለ አንበሳ።

«ከጎኔ ነው ጌታዬ። ዝናቡ በበሩ በኩል ስለሚገባ እሱን በግድግዳው በኩል አስተኛው ነበር።»

«የማንን በላ?»

«ወተቴን። ወተቱ ሲያልቅም ከድርሻዬ።»

«ሌላ የእኔ ነው የሚለው አለ?»

«ቢኖርለትማ ምን ነበረበት፣ ጌታዬ። እናቱን ውሃ ወሰዳት።»

ከዚህ በኋላ አህያዋ ያቺን የፈራቻትን አራተኛ ጥያቄ መጠበቅ ጀመረች። ወልደሽዋል ወይ የምትለዋን። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ጥያቄዋ አልመጣችም። አንበሳ ቀረጡ ተትቶልሻል ብሎ ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ዞረ።

ቀበሮ ግን አላስቻላትም። አልወለደችውም እኮ ጌታዬ፣ ብላ አቤት አለች።

«ደንቡ ማን ወለደ አይልም፤ ማን አሳደገ ነው የሚለው» አላት አንበሳ።

አህያዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ስንት ወር ያልተኛችለትን ነገር ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ሄደው አገኙት። ያቺን ዝናብ የምትገባበትን በር እንኳ ሳያዩ ያዩ መሰላት።

በዚህ መሃል በሩ ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። አያ ጅቦ አሥር ዝልዝል ቋንጣ በትከሻው ጥሎ መጥቶ፣ ሰልፈኞቹ ሁለቱን ለቀረጥ አዘጋጅ ቢሉት፣ እኔ እሳት አላሳየሁትም፣ ያደረቀው ፀሐይ ነው፣ ፀሐይን ቀርጧት እያለ ይሟገታል። ቀበሮ ከአንበሳ ዘንድ ስትመለስ ከእሱ የምታተርፈው ታያት። አንድ ዝልዝል ብትሰጠኝ ሁለቱም የሚቀሩልህን መንገድ አሳይሃለሁ አለችው፤ የአንበሳንም ሦስት ጥያቄዎች በጆሮው ነገረችው። አያ ጅቦ ያሳደገውን ለማሰብ ግንባሩን አኮማተረ። ትዝ ሲለው ሮጠ። አህያዋ ገና ከግራሩ ሥር አልተነሳችም ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔም አሳዳጊ ነኝ። ሦስት የፍየል ግልገሎች አሉኝ።»

አንበሳ አየው። ከዚያ ያንኑ ጠየቀው፣ አንድ ቃል ሳይጨምር። «ክረምቱን የት አደሩ?»

«እኔ ዘንድ ነዋ። ነሐሴ ላይ ገቡ፤ ከገቡ ወዲያ አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም።»

«የማንን በሉ?»

«መብላቱን እንኳ… ብዙም አላስቸገሩኝም።»

«ሌላ የእኔ ናቸው የሚል አለ?»

«እናታቸው ጥቂት ቀን ስትጮህ ትሰማ ነበር። ኋላ ተወችው።»

ተራ ከሚጠብቁት ባለጉዳዮች መካከል አንዲት ፍየል ወደፊት ወጣች። 

«አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዷ ዳለቻ ነበሩ?»

አያ ጅቦ ፊቱ በራ። «ይኸው ምስክርም አገኘሁ ጌታዬ። ልክ ናት። ዳለቻዋ ትንሿ ነበረች።»

«አሁን የት ናቸው?» አለ አንበሳ።

ይህቺን ጥያቄ ቀበሮ አልነገረችውም። የአያ ጅቦ ዐይን ሳያስበው ትከሻው ላይ ወዳለው ቋንጣ ሄደ። የገበያው ሁሉ ዐይን ተከተለው።

አንበሳ ከድንጋዩ ተነሣ። አያ ጅቦ ቀበሮ ናት የመከረችኝ እያለ ቋንጣውን ጥሎ ሲፈረጥጥ ገበያተኞቹ በቀንድም በሰኮናም ከበሩ አስወጡት፤ ዳግመኛ ያንን በር እንዳይረግጥም ተፈረደበት። ቁናው ከቀበሮ ተነጥቆ ለፍየሏ ተሰጠ። ፍየሏ ግን መጀመሪያ ቋንጣውን ሰብስባ ቀበረች፤ ገበያው በሙሉ እስክትጨርስ ድረስ ሳይሸጥ ሳይገዛ ቆመ።

አህያዋ አምስቱን ቁና በጭድ ለውጣ ከቦቃ ጋር መንገድ ጀመረች። አሁንም አሁንም ዞራ ወደ ግራሩ ታያለች። ለእሷም ለጅብም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር የቀረበው። ሁለት ዝልዝል ሰጥቶ ቢያልፍ ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር እያለች ተገረመች፤ ቦቃ ግን ከጀርባዋ ጭዱን እየጎተተ መብላት ጀምሯል።

ከዚህ የምንማረው ለሚገባው የተተወን ነገር ሳይገባው ለመውሰድ የሚሽቀዳደም፣ ማንም ሳይደርስበት የኖረውን ጥፋቱን በገዛ አፉ እንደሚያወጣው ነው።