የአምስተኛ «ለ» አበባ

አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከተማው መሃል ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር የትብብር ስምምነት ተፈራረመ። ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሡ። በስምምነቱ መሠረት የኮሌጁ ሠልጣኞች በሙሉ ተራ በተራ አምስተኛ «ለ» እየገቡ ስለ አበባ ክፍሎች ያስተምራሉ፣ ይገመገማሉ፣ ይሄዳሉ። ሁሉም አንድ ክፍል፣ ሁሉም አበባ የሆነው ግምገማው ለማንም እንዳያዳላ ነው። የክፍሉ የሳይንስ መምህርትም በዚያው ስምምነት ኮሌጅ ተልከው፣ ተማሪን በቅርብ ስለመከታተል ሥልጠና እየወሰዱ ነበር። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ መተሳሰብ ከየት ይመጣል?

አምሳሉ የሚባል ሠልጣኝ ተራው ደረሰና የአበባ ሥዕሉን ጠቅልሎ ገባ። ይህን ግምገማ ካላለፈ አይመረቅም። ገምጋሚው ገና አልመጡም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ወይንሸት የምትባል ተማሪ ጠቀሰችው።

«ቲቸር፣ ሥዕሉን ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ባለፈው የመጡት ቲቸር ዝቅ አድርገው ሰቅለው ነጥብ ተቀነሰባቸው።»

«አበባ ተምራችኋል እንዴ?» አለ አምሳሉ ግራ ገብቶት።

«ኧረ ስንቴ! አይጨነቁ፣ እናሳልፍዎታለን። እስካሁን አንድም ሰው አልወደቀብንም።»

«ሲጠይቁን ግን ቶሎ እጅ አናወጣም» አለ ከኋላዋ ያለው ልጅ። «ትንሽ ያሰብን እንመስላለን። አለበለዚያ ያስነቃል።»

አምሳሉ ማን ማንን ሊያስተምር እንደመጣ ጠፋበት። ገምጋሚው ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ልጆቹ አሰቡ፣ እጅ አወጡ፣ በቡድን ሆነው ተከራከሩ። አንዱ እንዲያውም አምሳሉ የሚያርመው ነገር እንዲያገኝ ብሎ ሆን ብሎ ተሳሳተለት። ገምጋሚው ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

በመጨረሻ አምሳሉ እቅዱ በሚለው መሠረት «ጥያቄ ያለው?» አለ። ለወጉ ነው እንጂ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ወይንሸት ግን ፊቱን አየት አደረገችና እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አበባው ከረገፈ በኋላስ ምን ይሆናል? እዚያ ደርሰን አናውቅም።»

አምሳሉ እቅዱን አየ። እቅዱ ላይ ፍሬ የለም። ገምጋሚው ሰዓታቸውን አዩ። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» ማለት ነበረበት፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚመጣው ሌላ ሠልጣኝ ነው፣ ይዞ የሚመጣውም አበባ ነው። እናም ሥዕሉን አወረደና ጠመኔ አነሣ። ደወሉ ሲደወል እሱ ገና ባቄላ ከአበባ ወደ እሸት እንዴት እንደሚደርስ እያስረዳ ነበር።

«ከእቅድ ወጥተሃል» አሉት ገምጋሚው። «በሚቀጥለው ሴሚስተር እዚሁ ክፍል ትደግማለህ።»

አምሳሉ ማልቀስም መሳቅም አቅቶት ሄደ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበለው። ልጆቹ ሄዶ የተመለሰ ሠልጣኝ አይተው አያውቁም።

«ቲቸር፣ የወደቀ ሰው ይመለሳል ማለት ነው?» አለች ወይንሸት።

«አዎ፣ ይመለሳል።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ወዲህ የአምስተኛ «ለ» ልጆች የወደዱት ሠልጣኝ ሲገባ፣ ወድቆ እንዲመለስላቸው እጅ የሚያወጣ የለም። የሰለቻቸውን ግን በከፍተኛ ውጤት ያስመርቁታል። ኮሌጁና ትምህርት ቤቱም ጎበዞቹ ለምን እንደሚወድቁ የሚያጠና የጋራ ኮሚቴ አቋቁመዋል። ኬክ ታዟል።

ከዚህ የምንማረው፦ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲጨባበጡ ከእጃቸው በታች የቆመውን ልጅ ዝቅ ብለው ይዩት። ልጅ የሚፈልገው አበባ አሳይቶት የሚሄድ ሰው አይደለም፤ እስከ ፍሬው አብሮት የሚቆይ ነው።

እስቲ እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ፦ ዛሬ አምስተኛ «ለ» ቢገቡ፣ ልጆቹ ያሳልፉዎታል ወይስ ያስቀሩዎታል?