ነፋሱ የሚጠራት ልጅ

ልጃችን ከሞተች ወዲህ ስሟ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። ባለቤቴን እንዳላስለቅሳት ብዬ ነው። እሷ ግን በጠዋት እየወጣች መቃብር ስፍራ ትውላለች። ጎረቤታችን ጋሽ ዳምጠው የድሮ መርከበኛ ናቸው። «ምን ባደርግ ቤቷ ትቀመጣለች?» አልኳቸው። እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦

«በጃፓን አገር አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ሴት ልጁን ማዕበል ወሰደበት። በመንደሩ ባሕር የበላውን ሰው ስም ቤት ውስጥ መጥራት ነውር ነው፤ ማዕበሉ ሰምቶ ለቀሩት ይመጣል ይባላል። ሰውየውም አፉን ያዘ። ነፋሱ ግን ዝም አላለም። በነፈሰ ቁጥር ከባሕሩ በኩል ‹ሺሆ፣ ሺሆ› ይላል። የልጅቱ ስም ነው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ውኃው ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ እስከ ወገቧ ከገባችበት ጎትቶ አወጣት።

ገደሉ አፋፍ ላይ ለማዕበል አማልክት የተሠራ ሺንቶ የሚባለው የአገሩ እምነት ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነበረ። ሰውየው ሊለምን ወጣ። መዝጊያ በሌለው ቀይ በር ሲያልፍ ነፋሱ ቀጥ አለ። እንደ ደንቡ እጁን ታጠበ፣ ሁለቴ እጅ ነሣ፣ ሁለቴ አጨበጨበ።

ከተዘጋው ክፍል ውስጥም ሁለቴ ተጨበጨበ። የትንሽ ልጅ እጅ ነው።

ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግቢውን የምትጠርግ አሮጊት ግን ቀና እንኳ አላለችም።

‹ምን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?›

‹ነፋሱ ልጄን መጥራቱን ይተውልኝ።›

‹ማን ብሎ ነው የሚጠራት?›

ሊናገር አፉን ከፈተ። ስሟ አልወጣለትም።

‹ታዲያ እሱም ከተወው ማን ሊጠራት ነው?› አለችው። ‹ሚስትህ ባሕር አምሯት መሰለህ? ስሟ በተጠራበት በኩል ነው የምትሄደው።› ይህን ብላ መጥረጓን ቀጠለች።

ቤቱ ሲደርስ ማዕበሉ ተነሣ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ልትወጣ ነው። ሰውየው ከውስጥ ሆኖ ‹ሺሆ› አለ። ድምፁ ተቆራረጠበት። ደገመው። ሴትየዋ ደፉ ላይ ቆመች። ውጭ ነፋሱ ይጠራል፣ ውስጥ ባሏ ይጠራል። ብዙ ቆየች። ከዚያ በሩን ዘግታ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።»

ጋሽ ዳምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ሚስትህን አድናለሁ ብለህ ቤትህን ዝም አሰኘኸው፤ የልጅህ ስም የቀረው መቃብሩ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ብትውል ምን ይደንቃል? ግባና ስሟን ጥራላት። መጀመሪያ ታለቅሳለች። አትደንግጥ፣ ደግመህ ጥራላት።»